የጎን ድንጋይ

ነገሩ የሆነው ስሜን ውስጥ፣ ግጭ መንደር ላይ ሰው በነበረበት ዘመን ነው። ገብሱ በደጋው ሜዳ ይዘራል፤ ልጆች ከማለዳ እስከ ማታ ጭላዳ ከአዝመራው ያባርራሉ፤ ሴቶች ወንዝ ወርደው ውኃ ይቀዳሉ። ጨው፣ በርበሬ፣ ሳሙና ያማረው ሰው ገብሱን ጭኖ ደባርቅ ይወርዳል። መንገዱ የአንድ ቀን አይደለም። ዶሮ ሲጮህ የተነሣ ጅንባርን ተሻግሮ፣ ሳንቃበርን አልፎ፣ ቡይት ራስ አካባቢ ያድርና ገበያው ሲደምቅ ይደርሳል።

በዚያ አገር አንድ ጎልማሳ ነበረ። ከአባቱ ሦስት ነገር ወረሰ፤ አንዲት ዳማ በቅሎ፣ አንድ ትልቅ አቁማዳ፣ አንድ ጥቁር ድንጋይ።

በቅሎዋ እግረ ቀና ናት፤ ገደል አፋፍ ላይ አትደነብርም። አቁማዳው ከበሬ ቆዳ የተሰፋ ነው፤ ሲሞላ አንድ ሰው በጭንቅ ነው የሚያነሣው። ድንጋዩ ደግሞ ባንድ በኩል ጠፍጣፋ፣ በሌላው ጎበጥ ያለ፣ ወገቡ ላይ መጫኛ ዘመን ከዘመን ሲያሽው የቦረቦረው ነው። አባትየው ገበያ ሲሄድ አቁማዳውን በበቅሎዋ ቀኝ፣ ድንጋዩን በግራዋ ያስር ነበር። ልጅየውም እንዲሁ አደረገ። አባቱን ለምን ብሎ ጠይቆት አያውቅም፤ የሚጠየቅም አልመሰለው። ጭነት ባንድ ጎን እንደማይሆን የማያውቅ የደጋ ልጅ የለም። ጭነት ካጋደለ መደላድሉን ይጎትታል፤ መደላድሉ ሲጎተት ቆዳ ይልጣል፤ ቁልቁለት ላይ ከሆነ ደግሞ በቅሎና ገብስ አብረው ገደል ይገባሉ።

አጫጫኑን ለሚያይ ሰው ጎልማሳው ጎበዝ ነበር። መደላድሉን ሁለት ጊዜ ያራግፋል፤ አንዲት ጭራሮ ብትቀር ማታ ቁስል ናትና። አቁማዳውን በትከሻው ደግፎ ያስርና ዞሮ ድንጋዩን ያነሣል። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዶ ከጭራዋ በስተጀርባ ቆሞ አከርካሪዋን ያያል። የመደላድሉ ስፌት በአከርካሪዋ ልክ ከዋለ ጭነቱ ቀንቷል። ጥቂት ያስኬዳታል፤ ያቆማታል፤ እንደገና ያያል፤ መጫኛውን ያጠብቃል። ይህን ሳያደርግ ከደጁ ወጥቶ አያውቅም።

ከገበያ ሲመለስም ድንጋዩ አብሮ ይመለሳል። ደባርቅ ጥሎት ቢመጣ ለአቁማዳው ልክ የሚሆን ሌላ ከየት ያገኛል? በመልሱ የሚይዘው ጨውና ቡና ቀላል ስለሆነ ድንጋዩን ከላይ፣ መሃል ጀርባዋ ላይ ያስረዋል። ገጣባው የወጣው እዚያ ላይ ነው። ቅቤ ቀባው፤ አመድ ነሰነሰበት፤ መደላድሉን በአዲስ ጨርቅ አወፈረው። ትንሽ ሻር ይልና ከገበያ መልስ እንደገና ይከፈታል።

ኅዳር ላይ ነው። ገብስ ተወቅቷል። ጎልማሳው ጭኖ ሊነሣ ሲል አንዲት ጎረቤቱ ስልቻዋን አዝላ መጣች። ባሏ ሞቶባታል፤ ልጆቿ ለሥራ ቆላ ወርደዋል። ስልቻው ከግማሽ ብዙም አያልፍም።

«እንደምን አደርህ ልጄ?»

«አልሐምዱሊላህ፤ እንደምን አደሩ እናቴ?»

«ደኅና። ደባርቅ ነህ አይደል? እንግዲህ ባንተ ጥላ እሄዳለሁ። ይህችን ስልቻ እንኳ በበቅሎህ ብታደርስልኝ…»

ጎልማሳው ክፉ ሰው አልነበረም። አንገቱን ደፋ። «እናቴ፣ ብችል እንዴት ደስ ባለኝ! ግን ይኸው ያያሉ፤ ሁለቱም ጎን ሞልቷል።»

ሴትዮዋ አየች። እውነቱን ነው፤ ሁለቱም ጎን ሞልቷል። ስልቻዋን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ፣ የማዘያውን ጠፍር ደረቷ ላይ አጥብቃ ከኋላ ተከተለች።

ጅንባር ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልሞቀችም። ውኃው ጎድሏል፤ የወንዙ ድንጋይ ግን ያሟልጫል። በቅሎዋ መሃል ስትደርስ የፊት እግሯ አዳለጣት፤ ተንገዳገደች፤ ያ ድንጋዩ ስንት ዓመት ሲበላው የኖረ መጫኛ ጠብ ብሎ ተበጠሰ። ድንጋዩ ኩሬው ውስጥ ገባ። አቁማዳው ወደ ቀኝ ሲያጋድል በቅሎዋ አብራ ዞረች። ጎልማሳው ዘሎ ትከሻውን ከአቁማዳው ሥር አስገባ።

«ያዙልኝ እናቴ!»

ስልቻዋን ሣሩ ላይ ጥላ ጭኗ ድረስ ውኃው ገባች። ልጓሙን ይዛ ማዶ አወጣቻት። አቁማዳውን ተጋግዘው አወረዱት።

አሁን ጎልማሳው ድንጋይ ፍለጋ ገባ። የወንዝ ድንጋይ ግን ክብ ነው፤ መጫኛ አይይዝም። አንዱን አሰረው፣ ሾልኮ ወደቀ። ሁለተኛውን አሰረው፣ ቀለለ። ሦስተኛው ካለበት አልነቀነቅ አለው። እጁ በብርድ ደነዘዘ። ከወዲያ ማዶ የመጡ መንገደኞች ሰላም ብለውት አለፉ። ፀሐይዋ ከፍ አለች፤ እሱ አሁንም ወንዝ ውስጥ ነው።

ሴትዮዋ ቁጭ ብላ ስታየው ቆየች። ኋላ ተነሣችና ስልቻዋን ይዛ ሄዳ በበቅሎዋ ግራ ጎን አስጠጋችው።

«እስቲ ይህን እሰረው።»

«እናቴ፣ ይሄ እኮ የርስዎ ገብስ ነው።»

«ድንጋይ አይደለም ማለትህ ነው?»

ከውኃው ወጣ። አቁማዳውን በቀኝ፣ ስልቻውን በግራ አሰረ። ከጭራዋ በስተጀርባ ቆሞ አየ። ወደ ቀኝ ያጋድላል፤ የሷ ከሱ እኩሌታ እንኳ አይሞላም።

«አይመጣጠንም እናቴ።»

«ያንተው ይቀንሳ።»

«ወዴት?»

«ወደዚህ ነዋ።» የስልቻዋን አፍ ፈታች። ውኃ የምትጠጣበትን ቅል ከወገቧ አውጥታ ሰጠችው።

ጎልማሳው የአቁማዳውን አፍ ፈቶ ቅሉን ነከረ። የመጀመሪያውን ቅል ይዞ በበቅሎዋ አንገት ሥር ዞሮ ሲሄድ እጁ ቀስ አለ። የአባቱ አቁማዳ ገብስ ሌላ ስልቻ ገብቶ አያውቅም። ገለበጠው። ሴትዮዋ ጮክ ብላ «አንድ» አለች። ሁለተኛውን ገለበጠ። «ሁለት።» ቅሉን ከንፈሩ ድረስ ብቻ ነበር የሚሞላው፤ አይከምረውም፤ መንገድ ላይ እንዳይፈስበት። እሷ ትቆጥራለች፤ እሱ ይዞራል፤ ትቆጥራለች፤ ይዞራል። አሥር ላይ ሄዶ አከርካሪዋን አየ፤ ገና ነው። አሥራ ሰባት ላይ አየ፤ ስፌቱ ቀና ቀና ብሏል። ሃያ ላይ በጣት ወርድ ያህል ቀረ። «ሃያ አንድ» ስትል በቅሎዋ አራት እግሯን አስተካክላ ቆመች፤ ጆሮዋን ጣለች፤ በረጅሙ ተነፈሰች።

አፎቹን አሰሩ። ጥቂት አስኬዷት። አቆሟት። አየ። መጫኛውን አጠበቀ።

ጎልማሳው ወደ ሳንቃበር አቀበቱን ሲጀምር ነው ያስተዋለው። በቅሎዋ ወትሮ እዚህ ላይ ሦስት ጊዜ ትቆም ነበር። ዛሬ የሁለት ሰው ገብስ ተሸክማ አልቆመችም። ሴትዮዋም ዛሬ ከኋላ አይደለችም፤ እጇን አጣምራ ከጎኑ ትሄዳለች።

«ያን ድንጋይ አባትህ ከየት እንዳመጣው ነግሮህ ያውቃል?» አለችው።

«አልነገረኝም። ልኩ ሆኖ ያገኘው ነው የመሰለኝ።»

«የወሰን ድንጋይ ነበር።»

ጎልማሳው ዞሮ አያት።

«ባሌና አባትህ በአንድ አጋሰስ ነበር የሚጭኑት። ቀኙ የናንተ፣ ግራው የኛ። ስንት ዓመት እንዲያ ወረዱ። ኋላ በእርሻው ወሰን ተጣሉ። ስንዝር ለማትሞላ መሬት። ሽማግሌ ገባ፣ አልሆነም። አባትህ አንድ ሌሊት ድንጋዩን ነቀለው። በማግስቱ ወደ ገበያ መውረጃ ነበር። ባሌ፣ ነገር ሌላ ገበያ ሌላ ብሎ፣ ስልቻውን ተሸክሞ እንደ ወትሮው እናንተ ደጅ ቢመጣ፣ በሱ ጎን ድንጋዩ ታስሮ አገኘው።»

«ምን አለ?»

«ምን ይላል? ስልቻውን አዝሎ ሄደ። እስኪሞት እንዳዘለ ወረደ። እኔም ይኸው።»

ጎልማሳው እስከ ሳንቃበር አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ደባርቅ ገበያ ዳር ጋቢውን አንጥፎ ስልቻዋን ፈታ። ሃያ አንድ ቅል ሊመልስ ነው። የመጀመሪያውን ቅል ክምር አድርጎ ሲያወጣ ሴትዮዋ እጁን ያዘችው። «እዚያ ስትሰፍር ከንፈሩ ድረስ ነበር። አሁንም ከንፈሩ ድረስ ስፈር።» አፈረና ክምሩን በእጁ ጠረገ። ጋቢው ላይ ሃያ አንድ ቅል ሲሞላ ተዉ። ያየ ሁሉ የተቀረው የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ያውቅ ነበር።

ለሚቀጥለው ገበያ ሲጭን ሁለት ሰዎች ስልቻ ይዘው ደጁ መጡ። ተራ አወጣላቸው። ማንም በማይወርድበት ሳምንት ደግሞ የራሱን ገብስ ለሁለት ስልቻ ከፈለ፤ ይህን ማድረግ ድሮም ይቻል ነበር፤ ያለ ድንጋይ መጫን አይቻልም ብሎ ስላደገ ብቻ አላየውም። አንድ የአባቱ እኩያ፣ «የአባትህን ድንጋይ ወንዝ ሰጥተህ የሰው ስልቻ ትሸከማለህ?» ብሎ ተቆጣው። ጎልማሳው አልመለሰለትም። የበቅሎዋ ገጣባ ሻረ፤ በቦታው ነጭ ጠጉር በቀለበት።

በጋው ሲጠና ጅንባር ሸሸና ድንጋዩ ታየ። አወጣው። ወደ ሴትዮዋ እርሻ ወሰደውና «የት ነበር?» አላት። በእግሯ አሳየችው። እሱ ከአባቱ የሰማው ወሰን ግን ሌላ ነበር። ቢለኩት በሁለቱ መካከል ስንዝር አይሞላም። ድንጋዩ ራሱ ከስንዝር ይሰፋል። መካከል ላይ ቢተክሉት ሁለቱንም ቦታ ሸፈነው።

ተረቱ እዚህ ላይ ያልቃል።

እንግሊዞች ክብደትን በክብደት ለሚመልስ ሥራ ካውንተርባላንስ የሚባል ግስ አላቸው። በፈረንሳይኛ በኩል የገባ ነው፤ ሥሩ ላቲን ሲሆን ባላንስ የሚለው ክፍል ሁለት ሳህን ካለው ሚዛን የመጣ ነው፤ ካውንተር ደግሞ በአንጻር ማለት ነው። ካውንተርቬይል የሚባል ዘመዱም አለ፤ እሱ በአንጻሩ መበርታት ከሚል የላቲን ቃል የተወለደ ነው። ሁለቱም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ወዲያ ማዶ ያለውን የሚያህል ነገር ወዲህ ማዶ ይቀመጥ። ምን ይቀመጥ የሚለውን ግን ሚዛን አይጠይቅም፤ ለሳህን ድንጋይም ገብስም አንድ ነው። ከሁለቱ ሳህኖች ሥር የምትቆመው በቅሎ ናት፤ ለሷ ደግሞ ጎኗን ያስተካከለላት ነገር ራሱ ሌላ ሸክም ነው።

ይህን የማነሣው ስለ ስሜን ስለሚገደኝ ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተከለለ። በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ፤ ላሊበላም በዚያው ዓመት ነው የገባው። በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሰፈረ። ዋልያው ተመናምኖ፣ እርሻና ግጦሽ ገደሉ አፋፍ ደርሶ፣ መንገድም በፓርኩ ውስጥ ተቀድዶ ነበር። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። ካወጡት ሥራዎች አንዱ ከአንድ ዓመት በፊት የተፈጸመው ነው፤ የግጭ ሰዎች ቤታቸውንና እርሻቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ወረዱ።

ዋልያ በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም። የሱ ጎን እንደቀለለ፣ ክብደት መጨመር እንዳለበት፣ እኔ አልከራከርም። የግጭ ጓሳ ሣር ማገገሙ ያስደስተኛል። ሆኖም ከሰው ጎን አንድ መንደር ሙሉ ሲነሣ በምትኩ ምን እንደታሰረ መጠየቅ ያለብን ይመስለኛል። ቤት መሥሪያ ቦታና የካሳ ገንዘብ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ነገር ነው። ገብስ ግን በየዓመቱ ይመጣ ነበር። ከተማ የወረደ ገበሬ ካሳው ሲያልቅ ወደ ተራራው ቀና ብሎ ሲያይ ዋልያውን እንደ ተካፋዩ ያየዋል ወይስ እንዳፈናቀለው? የፓርኩ ዕድሜ በሱ መልስ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ማታ ገደሉ ሥር ተኩስ ሲሰማ ዝም የሚለው ወይም ለጠባቂው የሚናገረው እሱና ዘመዶቹ ናቸውና።

ስሜን ሌላ ጎንም አይቷል። ደባርቅ ላይ በቅሎ አከራዩ፣ መንገድ መሪው፣ ወጥ ቤቱ፣ ጠመንጃ ያነገተው አጃቢ በተራ ይሠራሉ። እንግዳ ወደ ሳንቃበርና ወደ ጨነቅ በወጣ ቁጥር ጥቂት ብር በየቤቱ ይገባል። እንዲህ ያለው ሰው ዋልያውን ለመጠበቅ ስብከት አያስፈልገውም፤ የራሱ ስልቻ በዚያኛው ጎን ታስሯል። አስተማማኝ አይደለም፤ ያንንም እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና እንግዳውን አስቀረ፤ በ2021 የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባትና ደባርቅ ዳር ደረሰ፤ በቅሎዎቹ ያለ ሥራ ቆሙ፤ ባለቤቶቻቸውም ወደ እንጨቱና ወደ ግጦሹ እንደገና ዞሩ። ይህ ግን ስልቻው በደንብ ይታሰር ያሰኛል እንጂ በድንጋይ ይተካ አያሰኝም። እንግዳ ሲጠፋ የሚይዝ ሌላ ጠፍርም ይፈለጋል፤ በተራራው ሥር የሚረባ በግ፣ ንብ፣ የተሻለ የገብስና የድንች ዘር።

ስለዚህ የፓርኩን ነገር የሚመክሩ ሰዎች በተቀመጡበት ሁሉ፣ የዋልያው ቆጠራ ከተነበበ በኋላ፣ አንድ ወረቀት ይጨመርልኝ እላለሁ፤ ከደባርቅ የሚነሣው የበቅሎ ተራ ዝርዝር። ከግጭ የወረዱት አባወራዎች፣ እንዲሁም ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች፣ ስማቸው እዚያ ላይ አለ ወይ? ካለ ስንተኛ ላይ ነው፤ ባለፈው ዓመትስ ተራው ስንት ጊዜ ደረሳቸው?